የፖርቱጋል ድልድይ ስለሚባሉት የዐባይ ድልድዮች

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች የተወሰደ)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ለመሳለም ወይም በእሑድ ቀን ነፋስ ለመቀበል የሄደ ሰው፥ ከገዳሙ አቅራቢያ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሳያይ አይመለስም። ምን እንደ ሆነ የጠየቀ እንደ ሆነም የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «የፖርቱጋል ድልድይ ነው» ይሉታል። በዚህ ላይ ኖራው ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት ጋር ተለውሶ የተሠራ ነው የሚለውን ወሬ ይመርቁለታል። ስለ እንቁላሉ ለጊዜው እንተወው። ድልድዩን ያሠሩት ግን የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ ዘመኑም የ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ የፖርቱጋል ካህናት ከአገራችን ከወጡ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር።

ስም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በቀላሉ አይለቅም። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ ቂርቆስ አጠገብ «ካዛንቺስ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ነው። «ካዛ» በጣልያንኛ ቤት ማለት ሲሆን፥ «ኢንቺስ» ደግሞ የዚያ ተቋም ስም በአጭሩ ሲጻፍ ነው። ወራሪው ከሄደ በኋላ፥ ከቤቶቹም ብዙዎቹ ከፈረሱ በኋላ ስሙ ቀርቷል። የመንግሥት ሠራተኛ ስንኳንስ በደመወዙ በሰፈሩም ስም እንዲህ ታስቦለት እንደ ነበር ብዙዎቻችን አናውቅም። የሆነ ሆኖ የካዛንቺስ ስም የሚናገረው እውነት ነው፤ ቤቶቹን የሠሩት ጣልያኖች ነበሩና። የፖርቱጋል ድልድይ የሚለው ስም ግን እውነት አይናገርም። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁትም በዐባይ ላይ የተሠሩትን ሁለቱን የጥንት ድልድዮች፥ ማን እንዳሠራቸው፥ በምን ጥበብ እንደ ቆሙና ከመካከላቸው አንዱ ስለ ምን እንደ ተሰበረ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዐባይ ከጣና ባሕር ከወጣ በኋላ ጎጃምን በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ እንደ ቅጥር ይዞራታል። በአንድ ወገን ቤጌምድር፥ ዝቅ ብሎ ወሎና ሸዋ ሲሆኑ፥ በሌላው ወገን ጎጃም ብቻዋን ናት። በበጋ ውሃው ሲጎድል መልካ እየፈለጉ ይሻገሩታል። በክረምት ግን መንገደኛው ወይ በደንገል ታንኳ፥ ወይ በተነፋ ስልቻ ተደግፎ፥ ወይ በዋና መሻገር ነበረበት፤ ጭነት ያለው ነጋዴ ከነአህያው ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል። የንጉሥ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛም ቢሆን ከወንዙ ጋር የሚከራከርበት ሥልጣን አልነበረውም። በተለይ የሚያሳዝነው የአሞሌ ነጋዴ ነው። አሞሌ ጨው በዚያን ዘመን ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ከምሥራቅ በረሃ ተቈርጦ የስንት ቀን መንገድ የመጣ አሞሌ በዐባይ ውሃ ከራሰ፥ ነጋዴው ገንዘቡ በዓይኑ ፊት ሲሟሟ ያያል።

እንግዲህ በዚህ ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራት አስቀድሞ ለምን አልታሰበም? ያልታሰበ አይመስለኝም። ያልነበረው አሳቡ ሳይሆን ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር የሚያያይዘው ነገር ነው። በጣና ዙሪያ ግንብ ይሠራ የነበረው በጭቃ ነው። ጭቃ ለቤት ግድግዳ ጣራና ክዳን እስካለው ድረስ ይበቃዋል። በወንዝ ውስጥ ለሚቆም ግንብ ግን ጭቃ ማለት ምንም ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ክረምት ከድንጋዮቹ መካከል አጥቦ ይወስደዋል።

መላው የተገኘው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ፥ በስመ መንግሥታቸው ሥልጣን ሰገድ፥ ከ1607 እስከ 1632 ነግሠዋል። በእርሳቸው ቤተ መንግሥት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ አብዛኞቹም የመጡት ፖርቱጋሎች በህንድ አገር ከያዙት ከጎዋ በኩል ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ ጻፉት በ1620ዎቹ መጀመሪያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ ውስጥ ተገኘ። ድንጋዩ ቀላልና ምስጥ እንደ በላው እንጨት የተቦረቦረ ነበር ይላሉ።

ስለ ኖራ ጥቂት ልናገር፤ ነገሩ ከሚመስለው የበለጠ አስደናቂ ነው። የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሙቀት ድረስ በምድጃ ሲቃጠል በውስጡ ያለው የከሰል አየር ይወጣና ድንጋዩ ቀልሎ፥ ነጥቶ፥ ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ውሃ ሲጨመር እሳት ሳይነካው ይፈላል፤ ፍልቱም ሲበርድ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነጭ ልቁጥ ይሆናል። ይህ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ከነፋሱ ውስጥ ያንኑ በእሳት ያጣውን አየር ቀስ በቀስ መልሶ ይስባል፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማለት ድንጋዩን አፍርሶ፥ እንደ ሊጥ አቡክቶ፥ በፈለጉት ስፍራ እንደ ገና ድንጋይ ማድረግ ነው። ይህን ያየ የዚያን ዘመን ሰው እንቁላል ተጨምሮበታል ብሎ ቢያወራ አይፈረድበትም።

ይህ ጥበብ በእጅ ከገባ በኋላ በ1626 ገደማ ዐፄ ሱስንዮስ አላታ በሚባለው አገር፥ ከጢስ ዐባይ ፏፏቴ ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ በዐባይ ላይ የመጀመሪያውን የድንጋይ ድልድይ አሠሩ። ስፍራው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የስፍራው አመራረጥ ራሱ የመሐንዲስ ዓይን ያለበት ነው። ዐባይ በፏፏቴው ላይ በክረምት እስከ 400 ሜትር ሰፍቶ 45 ሜትር ያህል ቍልቍል ይወረወራል። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሁሉ ውሃ ተሰብስቦ በሁለት ዐለቶች መካከል በጠባብ ቦይ ይገባል። በሌላ ስፍራ መቶ ሜትር የሚሰፋው ወንዝ እዚህ ጥልቅና ፈጣን ሆኖ በጥቂት ክንድ ስፋት ያልፋል። ስለዚህ በአገሩ ሁሉ ትንሹ ድልድይ የሚበቃበት ስፍራ ይህ ነው።

ይህንን የሚነግረን ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለው ካህን ነው። ሎቦ ራሱ ፖርቱጋላዊ ነው፤ በ1625 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ወደ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀምጧል፤ ስለ አገራችንም የጉዞ መጽሐፍ ጽፏል። እንደ እርሱ አነጋገር ዐለቶቹ እጅግ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ አስቀድሞ ግንድ ተጋድሞባቸው የንጉሡ ሠራዊት በሙሉ በግንዱ ላይ ተሻግሯል። በኋላ ንጉሡ በዚያው ስፍራ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ሠሩበት፤ ለሥራውም ከህንድ አገር ግንበኞችን አስመጡ። አድማጮቼ ልብ በሉ። ይህን የጻፈው ለወገኖቹ ክብር መቈርቈር የሚገባው ፖርቱጋላዊ ሲሆን፥ አሠሪው የኢትዮጵያ ንጉሥ፥ ግንበኞቹም ህንዶች መሆናቸውን ሳይሸሽግ ይመሰክራል። «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለውን ስም ከእርሱ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት አይቻልም። ድንጋዩን የፈለጡት፥ ውሃ የቀዱትና ጭነቱን የተሸከሙት ሰዎች ከየት እንደ መጡ ሎቦ አልጻፈም፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ከጎዋ ሸክም የሚያስመጣ ንጉሥ የለም።

አሁን ደግሞ ቅስት እንዴት እንደሚቆም እንይ። ድንጋይ ቢጫኑት ይችላል፤ ቢጐትቱት ወይም እንደ አግዳሚ ቢያጋድሙት ግን ይሰበራል። ረዥም ድንጋይ በሁለት ዐለት ላይ ጋድሞ መሻገር የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መካከሉ ወደ ታች ሲጎብጥ በሆዱ በኩል ይሰነጠቃል። የቅስት ብልሃት ክብደቱን ሁሉ ወደ ጫና መለወጡ ነው። ድንጋዮቹ ከላይ ሰፋ፥ ከታች ጠበብ ተደርገው ይጠረባሉ። እያንዳንዱ ሊወድቅ ሲል ጎረቤቱን ይገፋል፤ ጎረቤቱም ሌላውን ይገፋል፤ ሁሉም እንዲወድቁ የሚፈልጉ ስለ ሆኑ አንዱም አይወድቅም። ከላይ የበቅሎ ጭነት ሲጨመርበት ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ጉልበቱ የሚያርፈው በሁለቱ እግሮቹ ላይ ነው፤ እነዚህ እግሮች ወደ ውጭ እንዳይንሸራተቱ የሚይዛቸው ጽኑ ነገር ያስፈልጋል። በአላታ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው እግዚአብሔር የሠራው ዐለት ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው የሥራው ጊዜ ነው። የመጨረሻው የመካከል ድንጋይ ከስፍራው እስኪገባ ድረስ ቅስት ቅስት አይደለም፤ የተደረደረ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ግንበኞቹ አስቀድመው የቅስቱን መልክ የያዘ የእንጨት ርብራብ በወንዙ ላይ ያቆማሉ፤ ድንጋዩን በርብራቡ ላይ ከሁለቱ ወገን እኩል እያደረጉ ይደረድራሉ፤ ሲዘጋም ርብራቡን ያወጣሉ። ይህ ሁሉ በበጋ ካላለቀ የሰኔ ጎርፍ ርብራቡንም ሥራውንም ይወስዳል። ሠራዊቱ የተሻገረበት የቀድሞው የግንድ ድልድይ ለዚህ ሥራ መነሻ ሳይሆናቸው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴ ግን ግምት ነው።

ከመቶ አርባ አራት ዓመት በኋላ፥ በ1770፥ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ መንገደኛ ይህንኑ ድልድይ አይቶታል። ቅስቱን በ25 የእንግሊዝ ጫማ፥ ማለት በ7 ሜትር ተኩል ያህል ገምቶ፥ እግሮቹም በሁለቱ ወገን በዐለቱ ውስጥ ገብተው እንደ ተቀመጡ ጽፏል። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመን ግን ሌላ ቃሉ ነው። የጎን መከለያው ግንብ ፈራርሶ ቍርጥራጩ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ድልድዩ ብዙ ጊዜ እንደ ታደሰና ብዙ ጊዜም ሊያፈርሱት እንደ ሞከሩ ምልክቱ ይታይበት ነበር። ማን ነው ያደሰው? በብሩስ ጊዜ ኢየሱሳውያኑ ከወጡ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እንግዲህ ያደሱት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ኖራውን ማቃጠል፥ ቅስቱን መጠገን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለአንድ ድልድይ የሠራው ሰው ስም የሚጻፈውን ያህል ለሦስትና ለአራት ትውልድ የጠገኑት ስም ቢጻፍ ኖሮ የታሪክ መጻሕፍታችን ሌላ መልክ በኖራቸው ነበር። በመሥሪያ ቤቶቻችንም ቢሆን ምረቃ እንጂ ጥገና ከበሮ አይመታለትም።

ለማወዳደር ያህል፥ በ2008 በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን፥ የመካከሉ ክፍል ብቻ 145 ሜትር ይሻገራል። ይህም የአላታን ቅስት ሃያ እጥፍ ያህል ነው። በ2024 በባሕር ዳር የተከፈተው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ደግሞ 380 ሜትር ነው። እነዚህ በአርማታና በብረት ገመድ የቆሙ ናቸው፤ አላታ ግን በጠራቢ ዓይንና በኖራ ብቻ ቆሞ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የአላታ ድልድይ የተሠራበት ጊዜ የሰላም ጊዜ አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ ሁሉ ይህንኑ እንዲከተል ስላዘዙ፥ አባት ከልጅ የሚዋጋበት እልቂት ሆነ። በመጨረሻ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ አስረከቡ። ዐፄ ፋሲልም ብዙ ሳይቆዩ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ታሪክ ዋና ነገር ያለው። በአንድ ሃይማኖት ስም ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ ከዚያ ወገን የመጣውን ሁሉ ጠልቶ መጣል ለአንድ ንጉሥ ቀላል ነበር። ኖራንም የመናፍቃን ሥራ ነው ብሎ ማስቀረት ይቻል ነበር፤ ሕዝቡም ደስ ይለው ነበር። ዐፄ ፋሲል ግን ሰዎቹን አስወጥተው ጥበቡን አስቀሩ። በ1636 ገደማ ጎንደርን ቈረቈሩ፤ እስከ ዛሬ የምናየውንም ግንባቸውን በኖራ አሠሩ። ድልድይም አሠሩ፤ በልማድ ሰባት ድልድይ ይባልላቸዋል። ከዚህ የተነሣ በሰሜን አገር ያለ አሮጌ ድልድይ ሁሉ ባላገሩን ቢጠይቁት «የፋሲል ነው» ይላል፤ አስጎብኚውን ቢጠይቁት ደግሞ «የፖርቱጋል ነው» ይላል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታሉ። ባላገሩ ግን ቢሳሳትም ቅርብ ነው የሚሳሳተው።

ዐፄ ፋሲል በዐባይ ላይ ያሠሩት ድልድይ በ1660 ገደማ የተሠራው ነው። ከአላታ ወደ ታች፥ በጎጃም በሞጣ ወገን፥ በቤጌምድር በአንዳቤት ወገን ያለውን አገር ያገናኛል። ሚስዮናውያኑ ከወጡ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሆን ነው። ዳሩ ግን የጉዞ መጻሕፍት «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። እርግጥ ነው፥ በ1541 ከክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ ጋር ከመጡት አራት መቶ የፖርቱጋል ወታደሮች የተወለዱ ሰዎች በዚያን ጊዜ በጎንደር አካባቢ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል አንድም ግንበኛ አልነበረም ብዬ አልምልም። ነገር ግን እናታቸውም አያታቸውም እዚሁ የተወለዱ፥ በዐፄው ትእዛዝ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ሲባል ድልድዩን ለሊዝቦን የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህ ሁለተኛው ድልድይ ከአላታ ይረዝማል፤ በአንድ ቅስት ሳይሆን በብዙ ቅስቶች የቆመ ነው። ትልቁ ቅስት የወንዙን ዋና ውሃ ሲያሳልፍ፥ ትንንሾቹ በክረምት ውሃው ሲሞላ ለትርፉ መውጫ ይሆኑታል። ድልድይ በጎርፍ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከላይ ተጭኖት ሳይሆን ውሃው መውጫ አጥቶ ከጎን ሲገፋው ነውና፥ ይህ አሠራር ማስተዋል ያለበት ነው።

ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ ድልድዩ ተሰበረ። የሰበረው ግን ወንዙ አይደለም። በጣልያን ወረራ ጊዜ፥ ጠላት ከቤጌምድር ወደ ጎጃም እንዳይሻገርበት አርበኞች ራሳቸው ትልቁን ቅስት አፈረሱት። ስለ ቅስት የተናገርሁትን ያስታወሰ ሰው ሥራው እንዴት እንደሚሆን ይገባዋል፤ ሁሉም ድንጋይ በሌላው ተደግፎ የቆመ ስለ ሆነ፥ የመካከሉን ያወጣ ሁሉንም ያወርዳል። ትንንሾቹ ቅስቶች ግን በየራሳቸው እግር ስለ ቆሙ እንዳሉ ቀሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ።

የአባቶቻቸውን ድልድይ በገዛ እጃቸው ያፈረሱት ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ጠላት ከሄደ በኋላ ግን የገበያው፥ የሠርጉና የልቅሶው መንገድ እንደ ተቈረጠ ቀረ። በወዲህና በወዲያ ያሉት ሰዎች በተሰበረው ክፍል ላይ ገመድ ዘርግተው መሻገር ጀመሩ። በሁለቱም አፋፍ ጐልማሶች ቆመው መንገደኛውን በገመድ ይዘው፥ አንደኛው ወገን እየለቀቀ ሌላው ወገን እየሳበ፥ ከታች ዐባይ እየጮኸ ያሻግሩታል። ከብት በዚህ መንገድ አይሻገርም። ይህ ለአንድ ክረምት ወይም ለሁለት የተደረገ ብልሃት አይደለም፤ ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረ ሥርዓት ነው። በገመድ የተሻገረ ልጅ አርጅቶ የልጅ ልጁን በገመድ አሻግሯል። በእነዚያ ስድሳ ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓይነት መንግሥት ተፈራረቀ፤ ስንት የመንገድ ዕቅድ በስንት ጠረጴዛ ላይ እንዳለፈ ጽሕፈት ቤት የሚያውል ሰው ሊገምተው ይችላል።

በመጨረሻ ገመዱ ላይ ያሉት ሰዎች ፎቶግራፍ በ2000 በአሜሪካ በሚታተም መጽሔት ላይ ወጣ። ያንን ያየ አንድ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ማኅበር አቋቁሞ፥ ከአገሩ ሰዎች ጋር በመሆን በ2002 የተሰበረውን ክፍል በብረት ጠገነው። ሕዝቡም ከስድሳ ዓመት በኋላ በእግሩ ተሻገረ። ይሁን እንጂ በ2005 የመጣው ጎርፍ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው።

ስለዚህ በ2009 ሌላ ዘዴ ተመረጠ። በአዲሱ ሥራ በውሃው ውስጥ የሚቆም እግር የለም። ወፍራም የብረት ገመዶች ከዳር እስከ ዳር ተወጥረው፥ ጫፋቸው በሁለቱ ዳርቻ በተቀበረ ግንብ ታስሯል፤ መረማመጃውም ከጎርፉ በላይ በገመዶቹ ላይ ተንጠልጥሏል። አሠራሩ የፋሲል ቅስት ተቃራኒ ነው፤ ድንጋይ ሲጫኑት እንደሚጠነክር፥ የብረት ገመድም ሲስቡት ይጠነክራል። የዚያ አገር ሰዎች በገመድ መሻገርን ከማንም በፊት ስለሚያውቁ አሳቡን የሚያስረዳቸው መሐንዲስ አላስፈለጋቸውም። ልዩነቱ አሁን ገመዱን የሚስብ ሰው በአፋፉ ላይ መቆም የሌለበት መሆኑ ነው፤ አህያውም ከነጭነቱ ይሻገራል።